ለባላቸው እውነቱን የጻፉት ወይዘሮ ክሌመንቲን ቸርችል

(በዕረፍት ቀን ጉባኤያችን ለእህቶች የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ከየሥራ ቤቱ ሰብስቦ ለዛሬዋ ቀን ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ፈቃድ አጥተው የቀሩት እህቶቻችንም ይህ ጽሑፍ እጃቸው ሲገባ ከእኛ ጋር እንደ ዋሉ ይቁጠሩት።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ቸርችል ጎዳናን ያውቃል። ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ሰፊ መንገድ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከመ፣ ዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ የላከ ሁሉ ረግጦታል። ስሙ የተሰጠው ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዊንስተን ቸርችል መታሰቢያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝን የመሩት እሳቸው ነበሩ። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው፣ የእንግሊዝ ጦርና አርበኞቻችን ጣሊያንን ድል ነሥተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት በእሳቸው ዘመነ ሥልጣን ነው።

እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስማቸው በጎዳናው ላይ ስላልተጻፈው ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ወይዘሮ ክሌመንቲን ነው። ከታሪካቸውም ውስጥ ይበልጡን የምነግራችሁ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። «የትልቅ ሰው ሚስት ታሪክ ለእኛ ምን ይረባናል?» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ደብዳቤው የተጻፈው ስለ ጦር ምስጢር ወይም ስለ ፖለቲካ አይደለም። አንድ ጌታ ከበታቹ ያሉትን ሰዎች ስለሚያናግርበት አነጋገር ነው። ይህን ጉዳይ ደግሞ በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ክሌመንቲን የተወለዱት በ1885 በለንደን ነው። እናታቸው ከመኳንንት ወገን ቢሆኑም ከባላቸው ተለያይተው በገንዘብ ችግር ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ለጥቂት ጊዜም ባሕር ተሻግረው በፈረንሳይ አገር ዲየፕ በምትባል የወደብ ከተማ ተቀመጡ። እዚያው ሳሉ ታላቋ ልጅ ኪቲ በታይፎይድ ሞተች። ክሌመንቲን ወደ እንግሊዝ ከተመለሱ በኋላ በሰዓት እየተከፈላቸው ፈረንሳይኛ ያስተምሩ ነበር፤ በዘመዳቸው የልብስ ስፌት ሥራም ያግዙ ነበር። ስለዚህ ሠርቶ ማደር ምን እንደሆነ ከሩቅ የሰሙ ሰው አልነበሩም።

ዊንስተን ቸርችልን ያገቡት በ1908 በመስከረም ወር ነው። ያን ጊዜ ሙሽራዋ የ23 ዓመት ወጣት፣ ሙሽራው ደግሞ የ33 ዓመት ሚኒስትር ነበሩ። አምስት ልጆች ወለዱ። ባልየው በ1965 እስኪሞቱ ድረስ ከ56 ዓመት በላይ በትዳር ኖሩ።

ወይዘሮዋ በባላቸው ጥላ ሥር ዝም ብለው የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ። በ1912 አንድ የታወቁ ሐኪም ሴቶች በአእምሯቸው ደካሞች ስለሆኑ የመምረጥ መብት ሊሰጣቸው አይገባም ብለው በታይምስ ጋዜጣ ጻፉ። ወይዘሮ ክሌመንቲን ስማቸውን ሳይገልጡ መልስ ላኩ። ሴቶች እንዲህ ከንቱ ፍጥረት ከሆኑማ ጥያቄው ይምረጡ አይምረጡ የሚለው ሳይሆን፣ ከነጭራሹ ሴት የሚባል ፍጥረት ይቅር ወይ የሚለው ነው ብለው በፌዝ ጠየቁ። ጋዜጣውም አተመው።

ከባላቸውም ጋር ቢሆን ከባድ ነገር ሲኖር መጻፍ ይመርጡ ነበር። ቸርችል በአፍ ክርክር የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እያሉ እንኳ ወረቀት ይላላኩ ነበር። ወረቀት አያቋርጥም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም።

ወደ ደብዳቤው ከመድረሴ በፊት አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1921 በነሐሴ ወር የቸርችል ልጆች ከአንዲት ወጣት ፈረንሳዊት ሞግዚት ጋር ብሮድስቴርስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለዕረፍት ተላኩ። እናትየው ሌላ ቦታ ነበሩ። ማሪጎልድ የምትባለው ልጅ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ጉሮሮዋን አመማት፤ ሕመሙም እየበረታ ሄደ። ለእናትየው መልእክት የደረሰው ግን የቤቱ አከራይ ከወተወተች በኋላ፣ ዘግይቶ ነው። እናት በጥድፊያ መጡ፤ ሐኪም ተጠራ፤ በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት መድኃኒት አልነበረም። ሕፃኗ ነሐሴ 23 ቀን ዐረፈች።

ያቺ ሞግዚት ወጣት ነበረች፤ የሰው አገር ሰውም ነበረች። በእሷ ልፈርድባት አልደፍርም። የሕፃኑ ትኩሳት ሲጨምር «ነገ ይሻለው ይሆናል፤ አሁን ብደውል ይቆጡኝ ይሆን?» እያልን ያደርን ስንቶች ነን? አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በሰው ቤት ግን በሽታ የሚደበቀው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በፍርሃት ነው። ሠራተኛው የሚፈራበት ቤት ክፉ ወሬ ዘግይቶ የሚደርስበት ቤት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ 1940 እንሂድ። ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በዚያ ዓመት ግንቦት 10 ቀን ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ፈረንሳይ ተሸንፋ ከሂትለር ጋር የተኩስ ማቆም ውል ፈረመች። በባሕሩ ማዶ ያለው የጀርመን ጦር መቼ ይሻገራል እየተባለ እንግሊዝ በጭንቅ ላይ ነበረች። ጃንሆይም በዚያው ሰሞን ነው ከእንግሊዝ ስደታቸው ተነሥተው በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን የተጓዙት። ቸርችል የ65 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሌሊቱን ሁሉ ይሠራሉ፤ ያዝዛሉ፤ ይቆጣሉ። የአገሩ ዕድል በእጃቸው ላይ ስለነበር ማን ደፍሮ ይናገራቸው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው ነው።

ከቸርችል ጋር ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ግን ነገሩ አስጨነቀው። ለቸርችል ለራሳቸው መናገር አልቻለም። ወደ ሚስታቸው ሄዶ ነገራቸው። ሚስትየውም ሰምተው ዝም አላሉም፤ ጻፉ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፣ ሊያውቁት ይገባል የምለው ነገር ስላለ እንዳይቆጡኝ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያም አንድ ታማኝ ወዳጅ መጥቶ፣ ቸርችል በሚያሽሟጥጥና በሚጫን አነጋገራቸው ምክንያት በባልደረቦቻቸውና በበታቾቻቸው ዘንድ ሊጠሉ ነው እንዳላቸው ይገልጣሉ። ጸሐፊዎቻቸው እንደ ተማሪ ቤት ልጆች የሚመጣባቸውን ቁጣ ተቀብለው፣ ትከሻቸውን ነቅንቀው ከፊታቸው መሸሽን ልማድ አድርገውታል። በስብሰባ ላይ ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ስለሚናቅ፣ ከእንግዲህ ጥሩም ሆነ መጥፎ ሐሳብ የሚያመጣ አይኖርም ተብሏል።

ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ እንደ ደነገጡ ጻፉ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከባላቸው ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ሲወዳቸው ነበር ያዩት። ቀጥለውም እሳቸው ራሳቸው የባላቸው ጠባይ መበላሸቱን፣ እንደ ድሮው ደግ አለመሆናቸውን እንደ ታዘቡ ተናገሩ። ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የእርስዎ ነው፤ ከንጉሡ፣ ከሊቀ ጳጳሱና ከፓርላማው አፈ ጉባኤ በስተቀር ያሻዎትን ሁሉ ማባረር ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ግን ደግነትና እርጋታ ሊጨምርበት ይገባል የሚል ነበር ምክራቸው። በቁጣና በስድብ ጥሩ ሥራ አይገኝም አሉ። ቁጣ የሚወልደው ወይ ጥላቻን ወይ የባሪያ ልብን ነው አሉ።

ደብዳቤውን የጻፉት እሑድ ዕለት ቼከርስ በሚባለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር ቤት ነበር። ከዚያ ግን ቀደዱት። ሐሳባቸው ስላልተዋቸው እንደገና ጽፈው በሰኔ 27 ቀን ሰጡ። ከሥሩም ትንሽ ድመት ሣሉበት፤ በፍቅር ሲጠራሩ የወይዘሮዋ ስም ድመት ነበርና።

እህቶቼ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አራት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ወይዘሮዋ የበታች ሰው ሲነግራቸው ሰሙ። ባሌን አማህብኝ ብለው አላባረሩትም።

ሁለተኛ፣ የነገራቸውን ሰው ስም አልጻፉም። አንድ ታማኝ ወዳጅ ብቻ ብለው አለፉ። አንዲት ሠራተኛ ምስጢሯን የነገረቻት ማዳም ማታ ላይ ስሟን ጠርታ ለቤቱ ሁሉ ብትዘረግፈው ምን እንደሚደርስባት እናንተ ታውቃላችሁ። ወይዘሮ ክሌመንቲን ተናጋሪውን ሸፍነው ራሳቸውን ከፊት አቆሙ። እኔም አይቻለሁ ማለታቸው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ በትኩሱ አልተናገሩም። ጻፉ፤ ቀደዱ፤ ቆዩ፤ እንደገና ጻፉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቃሉን አብስለው ነው የላኩት።

አራተኛ፣ ባላቸውን የመከሩት በሚገባቸው ቋንቋ ነው። ጠባይዎን ካላስተካከሉ እውነቱን የሚነግርዎ ሰው ያጣሉ አሉ። እዚህ ላይ ነው የዚያች ሕፃን ታሪክ የሚመለሰው። የሚፈራ ጌታ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል እንጂ፣ በዙሪያው ያሉት እውነቱን ከነገሩት ቆይተዋል። በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ጌታ አገር ያጠፋል፤ በሰላም ጊዜ ደግሞ ቤት ያፈርሳል።

ይህን ሳነብ በመጽሐፈ ሳሙኤል የምናውቃት አቢግያ ትዝ ትለኛለች። ናባል የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ በመለሰ ጊዜ፣ ዳዊት ቤቱን ሊያጠፋ ሰይፉን ታጠቀ። አደጋውን ለአቢግያ የነገራት ማን ነበር? ከብላቴኖቹ አንዱ፣ ማለትም የቤቱ ሠራተኛ ነው። ለጌታው እንዳይነግር ናባል የማይናገሩት ሰው ነበር። አቢግያ ግን ሰማችው። እንጀራውን፣ ወይኑን፣ በጎቹን በአህያ አስጭና ሄዳ በዳዊት ፊት ወደቀች፤ በመልካም ቃልም መለሰችው። ለባሏም ሰክሮ ባገኘችው ሌሊት ምንም አልነገረችውም፤ ወይኑ ከራሱ እስኪወጣ እስከ ማለዳ ቆየች። ያ ስሙ ያልተጻፈ ብላቴና አፉን ባይከፍት ኖሮ በዚያ ቤት በማግስቱ የሚተርፍ ወንድ አልነበረም። ሁልጊዜ የምናመሰግነው አቢግያን ነው፤ ይገባታልም። ብላቴናውንም አንርሳው።

ቸርችል ከዚያ በኋላ ተለወጡን? እውነቱን ለመናገር በአንድ ቀን የዋህ አልሆኑም። እስከ መጨረሻው ሥራ የሚያበዙ፣ ቶሎ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ደብዳቤው ሳይጣል ተጠብቆ ቆይቶ፣ ልጃቸው ሜሪ በ1979 ባሳተመችው የእናቷ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ወጥቷል። አብረዋቸው ከሠሩትም ብዙዎች ስለ ቸርችል በኋላ ሲጽፉ በፍቅር ነው የጻፉት።

ልባቸውም ቢሆን ድሮውኑ ድንጋይ አልነበረም። ቸርችል በልጅነታቸው ያደጉት በሞግዚታቸው በኤልሳቤጥ ኤቨረስት እጅ ነው። እናትና አባታቸው ብዙም አያገኟቸውም ነበር። ሞግዚቷ በ1895 ስትሞት የ20 ዓመቱ ወጣት ቸርችል ከአልጋዋ አጠገብ ነበሩ፤ ለመቃብሯም ድንጋይ አሠሩላት። ፎቶግራፏን እስኪሞቱ ድረስ በክፍላቸው አኖሩት። የወይዘሮ ክሌመንቲን ደብዳቤ ይህን የድሮ ልብ ቀሰቀሰ እንጂ አዲስ ልብ አልፈጠረም።

በዚያው ዓመት በጥቅምት 14 ምሽት ቸርችል በዳውኒንግ ስትሪት እራት ላይ ሳሉ የአየር ድብደባው በረታ። ወጥ ቤቷ ወይዘሮ ጆርጂና ላንድማር ሥራቸውን አልተውም ብለው እዚያው ነበሩ። እኚህ ሴት በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ድስት ከማጠብ ጀምረው በሙያቸው የታወቁ ሆኑ። ቸርችል ከእራታቸው ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡና ሁሉም ሥራውን ትቶ ወደ መጠለያ እንዲወርድ አዘዙ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ቦምብ በአቅራቢያው ወድቆ ወጥ ቤቱን አፈራረሰው። ሰዎቹ ተረፉ። ወይዘሮ ላንድማር በ1958 የምግብ አሠራር መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜም መግቢያውን የጻፉላቸው ወይዘሮ ክሌመንቲን ናቸው።

ወይዘሮዋ ባላቸውን በጓዳ ቢወቅሱም በአደባባይ ግን ጠበቃቸው ነበሩ። በ1940 ክረምት የፈረንሳዩ ጄኔራል ደጎል ምሳ ተጋብዘው ነበር። የእንግሊዝ መርከቦች በወዳጅነት የነበረችውን የፈረንሳይን የባሕር ኃይል መትተው ስለነበር ደጎል ተቀይመው፣ ፈረንሳዮች ደስ የሚላቸው መድፋቸውን ወደ እናንተ ቢያዞሩ ነው ዓይነት ቃል ተናገሩ። ወይዘሮ ክሌመንቲን በፈረንሳይኛ፣ ይህ ለአጋርም ለእንግዳም የማይገባ ንግግር ነው ብለው ገሠጿቸው። ቸርችል ሊያስታርቁ ቢሞክሩም ሚስታቸው አልተመለሱም። ደጎል ይቅርታ ጠየቁ፤ በማግስቱም ትልቅ የአበባ ቅርጫት ላኩ።

በጦርነቱ ጊዜ የለንደን ሕዝብ ከቦምብ ሸሽቶ ሌሊቱን በመጠለያ ያሳልፍ ነበር። መጠለያው ግን ቀዝቃዛ፣ እርጥበት ያለበት፣ መጸዳጃው የማይበቃ ነበር። ወይዘሮ ክሌመንቲን እየዞሩ ተመለከቱ፤ የሰዉን አቤቱታ ሰሙ፤ ያዩትንም ለባላቸውና ለሚመለከታቸው ባለሥልጣናት እየጻፉ እንዲስተካከል ወተወቱ። ከታች ያለውን ሰው ቃል ወደ ላይ ማድረስ ሥራቸው ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ቅድስት ነበሩ አልላችሁም። እሳቸውም ቁጡ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ስፒናች የተሞላ ሳሕን ባላቸው ላይ ወርውረው ስተዋል። ለባላቸው ሲሉም ከልጆቻቸው የራቁበት ጊዜ ብዙ ነበር። ወይዘሮዋ በ1977 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ይህን የነገርኳችሁ ሂዱና ለማዳም ደብዳቤ ጻፉ ለማለት አይደለም። የቤቱ ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም። የሚሰማ ቤት አለ፤ ቢናገሩት የሚብስበት ቤትም አለ። ዱላ ካለ፣ ደመወዝ ከተከለከለ፣ በር ከተቆለፈባችሁ፣ ያ በመልካም ቃል የሚፈታ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ለምታምኗት እህት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቆንስላው መናገር ያስፈልጋል። የሚነገራት እህትም እንደ ወይዘሮ ክሌመንቲን ትሁን፤ ትስማ፤ ስም አታውጣ፤ ሳትቸኩል ታስብ፤ ከዚያም ዝም አትበል። በቡና ላይ የሰማነውን የእህታችንን ችግር በስልክ ከቤት ወደ ቤት ብናዞረው ያቺ እህት ሁለተኛ አትናገርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ብዙዎቻችን እግዚአብሔር ቢፈቅድ አንድ ቀን አገራችን እንገባለን። ቤት እንሠራለን፤ ሥራ እንጀምራለን። ልጆቻችንን የምትይዝልን፣ እንጀራ የምትጋግርልን ከገጠር የመጣች ልጅ እንቀጥር ይሆናል። ያን ጊዜ ማዳሟ እኛ ነን። ያቺ ልጅ ሳሕን ስትሰብር ስብርባሪውን ትደብቃለች ወይስ መጥታ ትነግረናለች? ልጃችን ሲታመም ወዲያው ትደውልልናለች ወይስ ፈርታ ታሳድረዋለች? መልሱ ከልጅቷ ይልቅ በእኛ አንደበት ላይ ነው። እዚህ የሚነገረንን ክፉ ቃል ተምረን ወደ አገራችን ይዘነው እንዳንገባ፣ አምላክ አንደበታችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።